የአዴ ቀይ ሻሽ

ፍቅርን የተማርኩት ቀይ ሻሽ ከተጣለበት ቴሌቪዥን ነው። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። በደርግ ጊዜ ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ የእኛ መንደር ውስጥ ያደግን ሴቶች ልጆች ስለ ወንድና ሴት ያወቅነውን ያወቅነው፣ ሳናውቅ የቀረነውንም ሳናውቅ የቀረነው በዚያ ሻሽ ምክንያት ነው።

ሻሹ የአዴ ነበር። እኛ አገር ዕድሜዋ ገፋ ያለችን ሴት አዴ ነው የምንላት፤ እናት እንደማለት ነው። አንቱታ የለበትም፤ አዴ ካልካት በኋላ አንቺ ብትላትም አክብረሃታል። ይህቺ አዴ ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤታችን ነበረች። ባሏ ከሞተ ጀምሮ በባቡር ጅቡቲ እየተመላለሰች ሽቲና ሽቶ ትነግዳለች። ስትሄድ ቀጭን፣ ስትመለስ ወፍራም ነበረች፤ ፈታሾች እንዳይወስዱባት ሽቲውን ሁሉ ደራርባ ለብሳው ነው የምትመጣው። አንድ ጊዜ ግን ለብሳው ልትመጣ የማትችለውን ነገር ይዛ መጣች። ዴክ። የቪዲዮ ማጫወቻውን ያኔ ዴክ ነበር የምንለው። እንዴት እንዳሳለፈችው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ስትጠየቅ "አላህ ያውቃል፣ አንድ ፈታሽም ያውቃል" ብላ ትስቃለች።

ከምሳ በኋላ የሰፈሩ ሴቶች ለበርጫ ሳሎኗ ይሰበሰባሉ። እነሱ ትራስ ተደግፈው ጫታቸውን ይቅማሉ፣ እኛ ልጃገረዶቹ በሩ ጥግ ምንጣፍ ላይ እንደረደራለን፣ የህንድ ፊልም ይከፈታል። ህንድኛ የሚያውቅ ሰው የለም። ማልቀስ ግን ሁላችንም እናውቅበታለን፤ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ አደሬው አንድ ላይ ያነፍጣል።

አዴ ከቴሌቪዥኑ ጎን ነው የምትቀመጠው። ወንድና ሴት ብቻቸውን አንድ ክፍል ውስጥ ሲገቡ፣ ጥለቱ ወርቃማ የሆነውን ቀይ ሻሿን ከራሷ ላይ ፈታ ቴሌቪዥኑ ላይ ጣል ታደርገዋለች። ምን ሊመጣ እንደሆነ አትጠብቅም። "ሰይጣን ከበር ነው የሚያዘው" ትላለች።

"አዴ፣ ገና እኮ ምንም አላደረጉም!" እንላታለን።

"ወላሂ ሊያደርጉ ነው! የሰው ልጅ አደራ ነው አቦ፣ እናቶቻችሁ ነገ ምን ይሉኛል?"

ድምጹን መቀነስ ግን አታውቅበትም ነበር። ስለዚህ ሻሹን እያየን እንሰማለን። ሹክሹክታ። ዝምታ። ደግሞ ሹክሹክታ። ከዚያ ቫዮሊን። ቫዮሊኑ ሲጀምር እርስ በርሳችን እንቆነጣጠራለን፤ ያ ነገር ማለት ይህ ነው ብለን ደምድመናል። ሻሹ ሲነሳ ልጅቷ ወይ ታለቅሳለች፣ ወይ ሙሽራ ሆናለች፣ ወይ ልጅ አቅፋለች። እናም የፍቅርን መጀመሪያ አሳምሬ አውቀዋለሁ፤ ልጁ ይዘፍናል፣ ዝናብ ይደበድበዋል፣ ከአባቱ ይጣላል፣ ከሚሄድ ባቡር ላይ ይዘላል። መጨረሻውንም አውቀዋለሁ፤ ወይ ሰርግ ነው ወይ ዕንባ። መሃሉ ቀይ ጨርቅ ነው።

እናቴ ስለዚህ ነገር በሕይወቷ የነገረችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ራስሽን ጠብቂ።" ከምን እንደምጠብቀው አልነገረችኝም። አባቴ የምድር ባቡር ሰው ነው፤ እሱ የሚያወራው ስለ ጎማ የሌለው መኪና ብቻ ነው። የንስሐ አባታችንን ብጠይቃቸው ደግሞ መልሱ ስግደት እንደሚሆን ገና ሳልጠይቅ አውቀዋለሁ። በወጣት ማኅበር ስብሰባ ላይ ስለ ኢምፔሪያሊዝም ሴራ ወገባችን እስኪቆረጥ ተወያይተናል። ሁለት ሰዎች በር ሲዘጉ ምን መባባል እንዳለባቸው ግን አጀንዳ ተይዞለት አያውቅም።

አሁን ወደ እሱ ልምጣ። ስሙን አልጠራም፤ ብጠራው ይህን መጻፍ አልችልም።

የመንደራችን ልጅ ነው። አባቱ ቀድሞ የሞተ፣ እናቱ በስፌት መኪና ያሳደጉት አንድ ልጅ። ከደንገጎ ጠመዝማዛ በላይ፣ በሐረር መንገድ ባለው ኮሌጅ እንማር ነበር፤ እሱ መጨረሻው ዓመት ላይ ነበር፣ እኔ ሦስተኛ። ዓርብ ዓርብ በአውቶቡስ አብረን እንወርዳለን። ደንገጎ ላይ መንገዱ መጠማዘዝ ሲጀምር እኔን ያዞረኛል፣ ያስመልሰኛል። እሱ ታዲያ ከኪሱ ብርቱካን አውጥቶ በጥፍሩ ይልጥና ልጣጩን አፍንጫዬ ስር ይይዝልኛል። "ሽቺ፣ ወደ ታች አትይ፣ እኔን እይ" ይለኛል። እሱን አያለሁ። ማቅለሽለሹ ይተወኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ ፍቅራችን ይህን ነበር የሚመስለው፤ ብርቱካን፣ አውቶቡስ፣ ደጃችን ድረስ መሸኘት። አንድ ዓርብ እዚያው ደንገጎ ላይ፣ ልጣጩን እንደያዘ፣ "ስመረቅ ሽማግሌ እልካለሁ" አለኝ። መልስ አልሰጠሁትም፤ አፌን ብከፍት ምን እንደሚወጣ እሱም ያውቃል። ሁለታችንም ሳቅን። የምፈልገው ነገር በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነበር፤ እነዚያ ሽማግሌዎች በራችንን ሲያንኳኩ መስማት።

በዚያው ዓመት ነው ከጓደኞቹ ጋር ቅዳሜ ከሰዓት ደቻቱን መሻገር የጀመረው። ከወንዙ ማዶ ሌላ ዴክ ያለው ቤት ነበር፤ ወንዶች ብቻ፣ ያውም የሚታወቁት ብቻ ይገቡበታል። ሰውየው ካሴቶቹን በሩዝ ጆንያ ውስጥ ነው የሚያስመጣቸው ይባላል። ምን እንደሚያዩ ስንጠይቃቸው "ካራቴ ነው" ይሉናል። እኛም ሞኞቹ አመንን። ካራቴ ያየ ወንድ ሲወጣ እግሩን ያወናጭፋል እንጂ የሴት ዓይን ለማየት አያፍርም፤ ይህን እንኳን ማሰብ አልቻልንም።

እሱ ዓይኔን ማየት ተወ። ሌላ ሌላ ነገሬን ማየት ጀመረ፣ ደግሞ ወዲያው ይሸሻል። አንድ ቀን "ፀጉርሽን ለቀሽው አታውቂም?" አለኝ። ሌላ ቀን "ቀይ ቀለም ከንፈርሽ ላይ ብታደርጊ እንዴት ትሆኚ ነበር?" አለኝ። ደስ አለኝ። ዘፈኑ ሊጀምር ነው ብዬ ነዋ።

ታኅሣሥ ላይ እናቱ ለገብርኤል ቁልቢ ወጡ። ከተማው ግማሹ ቁልቢ ነው፣ የቀረው ምሳውን በልቶ ተኝቷል። ድሬ በቀትር ትተኛለች፤ ሱቁ ይዘጋል፣ ጋሪው ጥላ ስር ይቆማል፣ መንገድ ላይ ፍየል ብቻ ይቀራል። "ነይ" አለኝ፣ ሄድኩ። ማንም አልጎተተኝም። ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር፣ እወደው ነበር፣ ደግሞም እውነቱን ለመናገር ከሻሹ ስር ያለውን ማወቅ እፈልግ ነበር። ነጭ ቀሚሴን ለበስኩ። መንገድ ላይ የማስበው ምን ይለኝ ይሆን እያልኩ ነበር። አንድ ነገር ይለኛል፣ ከዚያ ቫዮሊኑ ይመጣል።

ምንም አላለኝም። በሩን ዘጋና ፀጉሬን ያዘኝ። እጁ የማውቀው ብርቱካን የሚልጠው እጅ አልነበረም። አንገቴን ወደ ኋላ ቆለመመው፣ በእንግሊዝኛ አንድ ቃል አለኝ፣ ከአፉ ወጥቶ የማያውቅ ቃል። ፊቱን አየሁት። ፈተና ላይ በቃሉ ያጠናውን እንዳይረሳ የሚጨነቅ ተማሪ ፊት ነበር። "ተው" አልኩት። ፈገግ አለ። ክፋት አልነበረበትም ፈገግታው፤ ቀጥሎ የሚመጣውን የሚያውቅ ሰው ፈገግታ ነው። ፀጉሬን የበለጠ ሳበው። "ተው!" ብዬ ጮህኩ፣ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ።

እንደተቃጠለ ሰው ለቀቀኝ። ግድግዳው ድረስ ሄዶ የእናቱን የስፌት መኪና ተደግፎ ቆመ። ከዚያ የጠየቀኝን ጥያቄ ስሞትም አልረሳውም።

"እንደዚህ አይደለም እንዴ?"

"ምኑ?"

"እንደዚህ ነው የሚያደርጉት እኮ። መጀመሪያ እንቢ ትላለች፣ ከዚያ…"

"ማናት እሷ?"

አንገቱን ደፋ። "ቪዲዮው ላይ ያለችው" አለ።

ነጠላዬን አነሳሁና ወጣሁ። በቀትሩ ፀሐይ፣ ማንም በሌለበት መንገድ፣ ፀጉሬን በእጄ ጨምድጄ እንደያዝኩ ቤቴ ገባሁ። እናቴ ተኝታለች። ራሴን ጠብቄአለሁ። እንደዚያ ቀን ግን ራሴን የጠላሁበት ቀን የለም።

ዛሬ ሳስበው ንድድ ይለኛል። ለሁለት የተቆረጠ ነገር ነው ያየነው። ለእኔ መጀመሪያውና መጨረሻው ደረሰኝ፣ ለእሱ መሃሉ ብቻ ደረሰው። ከደቻቱ ማዶ ባለው ቤት ማንም አይዘፍንም፣ ማንም ሽማግሌ አይልክም፣ ስም እንኳን አይጠያየቁም ነበር አሉ። እዚያ ይቅርታ የሚባል ነገር ስለሌለ ይቅርታ እንዴት እንደሚጠየቅ አላየም። እኔ ደግሞ ባየሁት ፊልም ሁሉ ልጁ ይመጣል። ዝናብ ቢዘንብ ይመጣል፣ አባቷ ጠመንጃ ቢይዝ ይመጣል። ስለዚህ ጠበቅኩት። ሄጄ "ደነገጥኩ እንጂ አልጠላሁህም" ማለት የሚባል ነገር መኖሩን ማን ያሳየኝ? ሴቷ የምትሄድበት ፊልም አዴ አልነበራትም።

ከበዓሉ በኋላ አውቶቡስ ላይ እኔ ከፊት፣ እሱ ከኋላ መቀመጥ ጀመርን። ደንገጎ ላይ እንደ ልማዴ አዞረኝ፣ መስኮቱን ተደገፍኩ። ከኋላ ያለ ሰው ትከሻዬን ነካ አደረገኝና የተላጠ ብርቱካን ከነልጣጩ ሰጠኝ። "ከኋላ ነው የተላከው" አለኝ። ከእጅ ወደ እጅ ተቀባብለውት ነው የደረሰኝ። ልጣጩን አፍንጫዬ ስር ያዝኩና ዕንባዬ መጣ። ራሱ ይመጣል፣ አሁን ይነሳል፣ አሁን አጠገቤ ይቆማል እያልኩ ድሬ ገባን። አልተነሳም። እስኪመረቅ ድረስ በየዓርቡ ብርቱካኑ ይመጣል፣ እሱ አይመጣም። ዝምታ ወርቅ ነው ያለው ሰውዬ አፍቅሮ አያውቅም፣ በእርግጠኝነት።

ሐምሌ ላይ ተመረቀ። ሽማግሌ አልመጣም። ምደባ ሲጠብቅ ብሔራዊ ውትድርና ደረሰው፣ ሁርሶ ማሰልጠኛ ሊገባ ነው ተባለ። የሚሄዱበት ዕለት የቀበሌው ሙዚቃ ከጠዋት ጀምሮ ይጮሃል። እኔ ፀጉሬን ታጥቤ፣ ለቅቄው፣ ያንኑ ነጭ ቀሚስ ለብሼ በረንዳችን ላይ ተቀመጥኩ። እናቴ "ምን ሆነሻል፣ በዚህ ፀሐይ?" አለችኝ። ይመጣል ብዬ ነው አልላት። በመጨረሻዋ ደቂቃ ነው የሚመጡት፤ እሷ ፊልሞቹን አላየችም እንጂ ሁሌም እንደዚያ ነው።

ምልምሎቹን የጫኑት መኪናዎች በቤታችን ፊት ለፊት አለፉ። ፀጉሩን ተላጭቶ ሦስተኛው መኪና ላይ ቆሟል። አየኝ። እኔም ተነሳሁ። አሁን ይዘላል ብዬ የበረንዳውን ብረት ያዝኩ። አንገቱን ደፋ። መኪናው ጥጉን እስኪዞር ቀና አላለም። አፍሮብኝ ነው ወይስ ንቆኝ ነው እያልኩ ዓመት ሙሉ ስበግን ኖርኩ።

በዓመቱ መርዶው መጣ። ሰሜን ነው አሉ፤ ከዚያ በላይ የነገሩን የለም። እናቱ ቤት ድንኳን ተተከለ። አዴም መጣች፣ ቀይ ሻሿን በጥቁር ቀይራ፣ ከክርስቲያኖቹ እናቶች መሃል ገብታ ደረቷን ስትደቃ ዋለች። እኔ እንደ ጎረቤት ልጅ ውሃ አቀርባለሁ፣ ትሪ አነሳለሁ። ለእኔ የሚያለቅስልኝ የለም፤ ምኑ ነኝና? ሚስቱ አይደለሁ፣ እጮኛው አይደለሁ። ልቤ እዚያው ትሪው ላይ ተሰብሮ ማንም አላየውም።

ለቀስተኛው ሲሳሳ እናቱ እጄን ይዘው ከስፌት መኪናቸው አጠገብ አስቀመጡኝ።

"ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አሉኝ። "ሲመረቅ ሽማግሌ ልላክልህ ወይ አልኩት። አንቺን ነው እኮ፣ እኔ የማላውቅ መስሎሽ ነው? እንቢ አለኝ። 'እማዬ፣ ፈርታኛለች። የፈራችኝን ልጅ እንዴት ስጡኝ እላለሁ?' አለኝ። ምን አድርጎሽ ነው? ዶሮ ማረድ አቅቶት ጎረቤት የሚለምን ልጅ እኮ ነው! እሱን ይፈራሉ?"

ምን ልበላቸው? እንግሊዝኛውን ቃል ልንገራቸው? ሻሹን ልንገራቸው?

"ምንም አላደረገኝም፣ እማማ" አልኳቸው። "አልፈራሁትም።"

"ታዲያ ይህን ብትነግሪው ምን ነበረበት?" አሉኝ። ለመውቀስ አልነበረም፤ እንዲያው ግራ ገብቷቸው ነው የጠየቁኝ። ያን ጊዜ ነው እሪ ብዬ ያለቀስኩት። ሰው ሁሉ ለእሳቸው ያለቀስኩ መስሎት "የጎረቤት ልጅ እንደዚህ ነው" እያለ መረቀኝ።

ይህን ታሪክ ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር፣ የእህቴ ልጅ እስክታናግረኝ ድረስ። ዩኒቨርሲቲ ናት። ለእረፍት መጥታ ስልኳ ላይ አቀርቅራ ትውላለች። "አክስቴ፣ እናንተ ጊዜ ንጹህ ነበር፣ እንደዚህ ዓይነት ነገር የሚያሳያችሁ የለም" ትለኛለች። አንድ ቀን ዓይኗ አብጦ አገኘኋት። ጓደኛዋ ስልኩ ላይ ያየውን ሁሉ ካላደረግሽ ይላታል። "ሁሉም እንደዚህ ነው የሚያደርጉት ይለኛል፣ ምናልባት እኔ ነኝ ኋላ ቀር" አለችኝ። ያቺን ቃል ስሰማ አጠገቧ ተቀመጥኩ። አርባ ዓመት ሊሆነው ነው፣ ዴኩ ተጥሏል፣ ደርግ ወድቋል፣ ያቺ ቃል ግን እቤቴ ድረስ መጣች። ስልኳን ልንጠቃት? ሻሽ ልጣልበት? ሻሽማ አውቀዋለሁ። ከለቅሶው በኋላ አዴ ቤት ያየሁትን ነገርኳት።

መርዶው ከመጣ ብዙ ወራት አልፈዋል። አዴ "ነይ አቦ፣ እቤት ተዘግተሽ አትለቂ" ብላ በግድ ወሰደችኝ። ሌላ ሰው አልነበረም። ስንት ጊዜ ያየነውን አንድ አሮጌ የህንድ ፊልም ከፈተች። ሙቀት ነበር፣ እርጅናም ተጭኗታል፣ ትራሷን እንደተደገፈች እንቅልፍ ወሰዳት። ቀዩ ሻሽ ትከሻዋ ላይ ነው። ፊልሙ ላይ ልጁና ልጅቷ አንድ ክፍል ውስጥ ገቡ፣ በሩ ተዘጋ። ሻሹ አልወረደም።

ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ አልኩ። ልጁ ከበሩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ። ልጅቷ ራቅ ብላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አንድ ነገር ጠየቃት። ያንን ሹክሹክታ አወቅኩት፤ ስንት ጊዜ እየተቆነጣጠርን የሰማነው ነው። ልጅቷ ዝም ብላ አሰበች። ዝምታውንም አወቅኩት። ከዚያ መለሰችለት። እሱ ራሱን ነቀነቀ፣ ሌላ ጠየቃት። እሷም ጠየቀችው። ቫዮሊኑ ሲገባ እሷ ዕንባዋን እየጠረገች ትስቅ ነበር፣ እሱ ከተቀመጠበት አልተነሳም። ጣቷን እንኳን አልነካትም። ያን ሁሉ ዓመት በሻሽ የተሸፈነብን ይህ ነው።

አዴ ባነነች። ቴሌቪዥኑን አየች፣ ወንድና ሴት፣ የተዘጋ በር። እጇ በልማድ ወደ ሻሹ ሄደ።

እጇን ያዝኳት። "ተይው አዴ" አልኳት፣ "እያወሩ ነው።"